ቆዳን በ1:1 ማንሳት፦ መስመሩ እንዲወጣ ምን ይቀየር? ሌንሱ፣ ብርሃኑ ወይስ ፖላራይዘሩ?

#1 — ሰላም ሌንስ

ጤና ይስጥልኝ። የሚነሳው የሰው ቆዳ ነው፦ አይበሉባ፣ ጉንጭ፣ ክርን፣ ተረከዝ፤ ከጥቁር እስከ ቀይ ድረስ በተለያየ የቆዳ ቀለም። ፊት አይታይም፣ ፍሬሙን የሚሞላው ቆዳው ብቻ ነው። ዕቃው ባለ 45 ሜጋፒክስል ሙሉ ፍሬም ካሜራ፣ 100 ሚ.ሜ ማክሮ ሌንስ፣ ሌንሱ አፍ ላይ የሚገጠም ሪንግ ፍላሽ እና አንድ ተራ ፍላሽ ከነትሪገሩ ነው። ሴቲንጉ 1:1 (ቆዳው ሴንሰሩ ላይ በእውነተኛ መጠኑ የሚያርፍበት)፣ ኤፍ/22፣ 1/200 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 100።

ሦስት ነገር አስቸግሯል። አንደኛ፣ ፎከሱ ልክ ሆኖ እያለ ምስሉ ሲሰፋ ጥርት አይልም። ሁለተኛ፣ የቆዳው መስመር ጠፍቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ከላዩ ደግሞ ነጫጭ የብልጭታ ነጥቦች ይረጩበታል። ሦስተኛ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ አመድማ መስሎ ይወጣል። ሌላ ሌንስ ከመገዛቱ በፊት መቀየር ያለበት ምንድን ነው?

#2 — አንድ ለአንድ

ሌንሱን አትንኪው እህቴ፤ የመጀመሪያው ችግር ኤፍ/22 ነው።

በቅርበት ሲነሳ የተጻፈው የአፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ቁጥር እውነተኛው አይደለም። በግምት እንዲህ ይሰላል፦ የተጻፈው ቁጥር ሲባዛ በ(1 + ማጉያው)። በ1:1 ማጉያው 1 ስለሆነ ሁሉም በሁለት ይባዛል፤ ኤፍ/22 በተግባር ኤፍ/44 ነው። በዚያ ቀዳዳ አንዲት የብርሃን ነጥብ በዲፍራክሽን (ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ በመበተኑ) ተሰራጭታ ሴንሰሩ ላይ 59 ማይክሮን ስፋት ትይዛለች። የባለ 45 ሜጋፒክስል ሙሉ ፍሬም አንድ ፒክስል ደግሞ 4.4 ማይክሮን ገደማ ነው። አንዷ ነጥብ አሥራ ሦስት ፒክስል ላይ ተዘርግታ ጥራት ከየት ይመጣል?

ኤፍ/8 ላይ ነጥቧ ወደ 21 ማይክሮን ትወርዳለች። ከዚያ ጀምሪ። የፎከስ ጥልቀቱ ኤፍ/8 ላይ 1 ሚ.ሜ ገደማ፣ ኤፍ/11 ላይ 1.3፣ ኤፍ/5.6 ላይ 0.7 ነው። ይህ በተለመደው የ0.03 ሚ.ሜ መለኪያ ነው (አንዲት ነጥብ እስከዚያ ብትሰፋም ጥርት እንዳለች ይቆጠራል)፤ መቶ በመቶ አስፍታ ለምታይ ሰው ሲሶውን ብቻ አስቢ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኒኮን ካሜራ ከራሱ ማክሮ ሌንስ ጋር ሲሠራ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው የተባዛውን ቁጥር ነው፤ ካኖን የሚያሳየው ያልተባዛውን። የሌላ ሰው ሴቲንግ ስትቀጂ ይህን ካላወቅሽ ሁለት ስቶፕ ትሳሳቻለሽ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ መጨመሩ ወይም በግማሽ መቀነሱ ነው)።

ለማንኛውም ሁሉ ነገር 1:1 መሆን የለበትም። 1:1 ማለት 36 በ24 ሚ.ሜ ብቻ ነው የሚታይሽ። ለጉንጭና ለክርን 1:2 ይበቃል፤ 72 በ48 ሚ.ሜ ይይዛል፣ ኤፍ/8 ላይ ጥልቀቱም ወደ 3 ሚ.ሜ ይጠጋል። 1:1ን ለአይበሉባና ለጣት ጫፍ አቆዪው።

#3 — የጥላ ልክ

ሁለተኛው ችግር ሪንግ ፍላሹ ነው። ሪንግ ፍላሽ የተሠራው ጥላን ለማጥፋት ነው፤ የጥርስ ሐኪሞች የሚወዱት ለዚህ ነው። የቆዳ መስመር ደግሞ የሚታየው በጥላው ብቻ ነው።

ቁጥሩን እንየው። አይበሉባ ላይ ያሉት መስመሮች እርስ በርስ እየተቆራረጡ ሦስት ማዕዘንና እንደ አልማዝ ያለ ቅርጽ ይሠራሉ፤ ጥልቀታቸው ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። 0.05 ሚ.ሜ ከፍታ ያላትን ጠርዝ ከቆዳው ወለል በ45 ዲግሪ ብታበሪያት ጥላዋ 0.05 ሚ.ሜ ነው፤ በ1:1 አሥራ አንድ ፒክስል። ብርሃኑን ወደ 10 ዲግሪ ብታወርጂው ጥላዋ 0.28 ሚ.ሜ ይደርሳል፤ ከስልሳ ፒክስል በላይ። ሌንስ አልተቀየረም፣ ካሜራ አልተቀየረም። የማታ ፀሐይ የታረሰን መሬት ትልም አንድ በአንድ እንደምታሳየው ማለት ነው።

አሠራሩ፦ ሪንጉን አውልቂ። ተራውን ፍላሽ ከካሜራው ነጥለሽ ከቆዳው ጎን አስቀምጪው፤ ከወለሉ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ፣ ከ25 እስከ 40 ሴ.ሜ ርቀት። አቅጣጫው ወሳኝ ነው፤ ብርሃኑ መስመሮቹን ማቋረጥ አለበት። የክርን ሽብሽብ በአግድም ከሆነ ብርሃኑ ከላይ ወይም ከታች ይምጣ፤ ከጎን ከመጣ በመስመሩ ውስጥ አልፎ ይሄዳል፣ ምንም አይታይም። አይበሉባ ላይ መስመሩ በሁለት አቅጣጫ ስለሚሄድ ሁለቱንም የሚያቋርጥ ሰያፍ አቅጣጫ ይፈለጋል። ፍላሹን ከማቆምሽ በፊት የእጅ ባትሪ ይዘሽ ቆዳውን ዙሪያውን አብሪ፤ የትኛው ጎን እንደሚሻል ወዲያው ይታያል።

በተቃራኒው ጎን ነጭ ካርቶን አድርጊ። አጠገቡ ሲሆን ጥላው ይሳሳል፣ ሲርቅ ይጠቁራል። ያለ ካርቶን በ10 ዲግሪ የተበራ ጉንጭ የታመመ ይመስላል፤ ለሰውየው ክብር ሲባል ይህን ቸል ማለት አይገባም።

#4 — ደብዛዛ

የጥላ ልክ ያለው ትክክል ነው፤ ግን ቆዳ ድንጋይ አይደለም። ብርሃን ከላዩ ብቻ አይነጥርም፣ ውስጥ ገብቶ ተበትኖ ከሌላ ቦታ ይወጣል፤ ጥላውንም ከውስጥ ሆኖ ያበራዋል። ብዙ ርቀት የሚሄደው ቀዩ ነው፣ ትንሽ የሚሄደው ሰማያዊው። ስለዚህ ያው አንድ ፎቶ በቀይ ቻናል (የምስሉ ቀይ ክፍል ብቻ ተለይቶ) ሲታይ ለስላሳ ነው፣ በሰማያዊ ቻናል ግን መስመሩ፣ ጠቃጠቆውና ማዲያቱ ሁሉ ይጎላል።

ጥቁርና ነጭ ለሚሠራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወደ ጥቁርና ነጭ ስትቀይሪ ቀዩን ዝቅ፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ከፍ አድርጊ። አረንጓዴው ይሻለኛል፤ ሰማያዊው ቻናል ኖይዙ (አሸዋ መሰል ነጠብጣቡ) ይበዛል፣ በተለይ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ከሰማያዊው የሚመለሰው ብርሃን በጣም ጥቂት ነው። ለቀይ ብርሃን ዕውር የነበረው የድሮው ኦርቶክሮማቲክ ፊልም የፊት ጠቃጠቆን ያን ያህል ያጎላ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

#5 — ወዝ አዳኝ

ስለ ብልጭታው ነጥብ ማንም አልመለሰም፤ ሦስተኛው ችግርም የሚፈታው እዚያው ላይ ነው።

ከቆዳ ወደ ሌንስ የሚመለሰው ብርሃን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከወዙና ከላይኛው ቅርፊት ላይ በቀጥታ የሚነጥረው ነው፤ ፊት ለፊት ከመጣው ብርሃን ከመቶ አራት ገደማ። ቀለም የለውም፣ የፍላሹን ቀለም ይዞ ይመለሳል። ሁለተኛው ውስጥ ገብቶ በደምና በሜላኒን ተጣርቶ የሚወጣው ነው፤ የቆዳን ቀለም የሚሰጠው ይህ ነው። የመጀመሪያው መጠን በጥቁርም በቀይም ቆዳ ላይ አንድ ነው። ሁለተኛው ግን ሜላኒን ሲበዛ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ነጸብራቁ ከጠቅላላው ብርሃን ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ሪንግ ፍላሽ በዚያ ላይ ሲተኮስ ቀለም የለሽ ብርሃን በቀለሙ ላይ ይረጫል፤ አመድማ ያደረገው ይኸው ነው። ከዚያም የካሜራው መለኪያ አለ፦ ፍሬሙን የሞላውን ጥቁር ቆዳ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያነጣው ይሞክራል። በአውቶ ፍላሽ የምትሠሪ ከሆነ ለጥቁር ቆዳ ከ1 እስከ 1.5 ስቶፕ ቀንሺ፣ ለቀይ ቆዳ ግማሽ ወይም አንድ ስቶፕ ጨምሪ። የሚሻለው ፍላሹን በማንዋል አድርጎ በግራጫ ካርድ መለካት ነው፤ ካርዱ ልክ ከሆነ ቆዳው ራሱ ልክ ይሆናል። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ደግሞ በሦስቱም ቀለም ክፈቺው፤ በቆዳ ላይ መጀመሪያ የሚቃጠለው ቀዩ ነው፣ ነጠላው ሂስቶግራም ያን አያሳይም።

አሁን ፖላራይዘር፤ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ነው። ከላይ የነጠረው ብርሃን ፖላራይዜሽኑን እንደያዘ ይመለሳል፤ ውስጥ ገብቶ የተበተነው ያጣዋል። ስለዚህ ፍላሹ ላይ የፖላራይዘር ፊልም፣ ሌንሱ ላይ ፖላራይዘር ተደርጎ ሁለቱ በ90 ዲግሪ ሲቆላለፉ ወዙ ፈጽሞ ይጠፋል፤ የሚቀረው ቀለም ነው፦ መቅላት፣ ማዲያት፣ ጠባሳ፣ የደም ሥር። ሁለቱ ትይዩ ሲሆኑ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፣ ወዙና መስመሩ ይጎላል። ሮክስ አንደርሰን የተባለው የቆዳ ሐኪም በ1991 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለቆዳ ምርመራና ፎቶ በዝርዝር ጽፎበታል።

እንግዲህ የፈለግሽው መስመር ከሆነ የተቆላለፈ ፖላራይዘር ጠላትሽ ነው። ብዙ ሰው ብልጭታ ጠላሁ ብሎ ይቆልፈዋል፤ ከዚያ ቆዳው ፕላስቲክ መሰለ ብሎ ያማርራል። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ አብዛኛው መስመር የተጻፈው በወዙ ላይ ነውና ወዙ ሲጠፋ መስመሩም አብሮ ይጠፋል።

#6 — ሰላም ሌንስ

> ጥቁር ቆዳ ላይ አብዛኛው መስመር የተጻፈው በወዙ ላይ ነው

እሺ፣ ወዙ ይቅር። ግን ነጫጭ ነጥብ ሳይሆን ለስላሳ አንጸባራቂ እንዲሆን እንዴት ነው የሚደረገው? ሁለተኛ ጥያቄ፦ ፖላራይዘሮቹ በትክክል መቆላለፋቸው በምን ይታወቃል?

#7 — ወዝ አዳኝ

ነጥቡ የፍላሹ ምስል ነው። ቆዳው ላይ ያለች እያንዳንዷ እብጠት እንደ ትንሽ መስታወት ሆና ፍላሹን ታሳያለች። ፍላሹ ትንሽ ከሆነ ነጥብ ታያለሽ፣ ሰፊ ከሆነ ሰፊና የሳሳ አንጸባራቂ። ከ20 በ20 ሴ.ሜ ያላነሰ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ማለስለሻ ከቆዳው 15 ሴ.ሜ ላይ አቁሚና ፍላሹን ከኋላው ቢያንስ 20 ሴ.ሜ አርቂው። ፍላሹ ማለስለሻው ላይ ከተጣበቀ መሃሉ ብቻ ይበራል፤ እንደገና ትንሽ ብርሃን ሆነ ማለት ነው።

ቦታውን ለማግኘት፦ ቆዳው ላይ፣ ፎከስ በምታደርጊበት ቦታ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት አስተኚ። በካሜራው ስታዪ ማለስለሻው መስታወቱ ውስጥ ከታየ አንጸባራቂው እዚያ ይመጣል። ካልታየ ማለስለሻውን አንቀሳቅሺ ወይም ካሜራውን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አዘንብዪ። ሲያዘነብል ግን ሴንሰሩ ከቆዳው ጋር ትይዩ አይሆንምና ጥርት ያለው ክፍል ይጠባል። ለጥቁር ቆዳ ይህን ዋጋ መክፈል ያዋጣል።

ለመቆለፉ፦ የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ለምሳሌ የኩሽኔታ ኳስ፣ በቆዳው ቦታ አስቀምጪ። የሌንሱን ፖላራይዘር እያዞርሽ በየጥቂት ዲግሪው ተኩሺ፤ የፍላሹ ምስል ኳሱ ላይ ሊጠፋ ሲደርስ ተቆልፏል። በዚያ ቦታ ቀለበቱ ላይ ምልክት አድርጊ። ከዚያ 90 ዲግሪ ስታዞሪው ትይዩ ነው። ሁለት ፍላሽ ካለሽ የሁለቱም ፊልም ዘንግ አንድ አቅጣጫ መሆን አለበት፤ አንዱ ሲቆለፍ ሌላው ክፍት ሆኖ የሚቀረው በዚህ ነው።

ሁለቱ ተቆልፈው ወደ 3 ስቶፕ ይበላሉ። በ1/16 ጉልበት ይሠራ የነበረ ፍላሽ ወደ 1/2 ይወጣል፤ ይህ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፣ አንድ ለአንድ ይናገርበት።

#8 — አንድ ለአንድ

መዘዙ የፍላሹ ርዝመት ነው። ብዙዎቹ ተራ ፍላሾች በ1/16 ጉልበት ሲተኮሱ የሚበሩት ከ1/5000 ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው፤ እንቅስቃሴውን የሚያቆመው ይህ እንጂ የሹተሩ 1/200 አይደለም። ጉልበቱ ሲጨምር ብርሃኑ ይረዝማል። ሕያው ቆዳ ደግሞ ይንቀሳቀሳል፤ በእያንዳንዱ የልብ ምት ጣት ይርገበገባል፣ ደረትና ትከሻ በትንፋሽ ይወጣሉ ይወርዳሉ። 0.3 ሚ.ሜ ጥልቀት ላይ ይህ ትልቅ ነው። ስለዚህ ፖላራይዘር ሲገባ ጉልበቱን ከመጨመር ፍላሹን አቅርቢው፣ አይኤስኦውንም ወደ 400 አውጪው።

እጅ ሲነሳ ሁለት ቦታ ይደገፍ፤ አንጓው በአሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ፣ የጣቶቹ ጫፍ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ። መሃሉ አየር ላይ ይቅር፤ ቆዳው ሲጫን መስመሩ ተዘርግቶ ይጠፋልና። ጣት ከታጠፈ አይበሉባው ይወጠራል፣ ከተዘረጋ ይሸበሸባል። የትኛውን እንደምትፈልጊ አስቀድመሽ ወስኚ፣ ለሁሉም ሰው አንድ አድርጊው፤ ካልሆነ ፎቶዎቹን ማወዳደር አይቻልም።

ፎከስ በማንዋል፦ ቀለበቱን 1:1 ላይ ቆልፊና ካሜራውን ራሱን በፎከስ ሐዲድ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሺ። አውቶፎከስ በዚህ ርቀት አንዴ የደቃቋን ጸጉር ጫፍ፣ አንዴ ወለሉን ይይዛል።

#9 — ግራጫ ካርድ

ስለ ዝግጅቱም ይነሳ፤ ግማሹ ሥራ እሱ ነው።

ሰዓት፣ ላስቲክና ጠባብ እጅጌ ቆዳ ላይ የሚተዉት ምልክት ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ቀድሞ ይውለቅ። ቆዳው ለብ ባለ ውሃና በለዘብተኛ ሳሙና ይታጠብ፣ በመንካት እንጂ በመፈግፈግ አይድረቅ። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቂ፤ መታጠብና መንካት ያመጣው መቅላት እስኪለቅ ነው። በአልኮል መጥረግ የለም፤ ቆዳውን አድርቆ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፣ በ1:1 ደግሞ ያ ቅርፊት ዋና ነገር ሆኖ ይታያል።

የደረቀ ክርንና ተረከዝ ላይ ቅባት ከተፈለገ እጅግ ጥቂት ተቀብቶ 10 ደቂቃ ይጠበቅ። ብዙ ከሆነ መስመሩን ይሞላውና ወለሉ ይደለደላል። ንቃቃቱ ራሱ ከሆነ የሚፈለገው አትቀቢው።

መዳፍና የእግር መርገጫ ላይ የቅባት ዕጢም ጸጉርም የለም። እዚያ የሚያብረቀርቅ ነገር ካየሽ ላብ ነው፤ የጣት አሻራ ሸንተረር ላይ የላቡ ቀዳዳዎች በነጥብ በነጥብ ተሰልፈው ይታያሉ። በሸንተረርና በሸንተረር መካከል ግማሽ ሚ.ሜ ገደማ ስለሆነ በ1:1 በደንብ ይወጣል። ሰው ሠራሽ ላብ ከተፈለገ ግሊሰሪንና ውሃ እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ ከ30 ሴ.ሜ ርቀት ይረጭ፤ ውሃ ብቻውን ከሆነ ጠብታው ቶሎ ይደርቃል።

የጨርቅ ብናኝ በአየር መንፊያ ኳስ ይነፋ፤ በእጅ መልቀም ቆዳውን ያቀላል።

#10 — ደብዛዛ

ጣት ላይ የሚሆነውን ልጨምር። 16 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ጣት፣ 1 ሚ.ሜ የፎከስ ጥልቀት፤ ጥርት ብሎ የሚወጣው 8 ሚ.ሜ ስፋት ያለው ሰቅ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ቆዳው ታጥፎ ይሄዳል። ይህን በኤፍ/22 መፍታት አይቻልም፤ ወይ 1:2 ትሆኛለሽ፣ ወይ ፎከሳቸው የተለያየ ብዙ ፍሬም አንስተሽ ወደ አንድ ምስል ትደራርቢያለሽ።

መደራረብ ሕያው ቆዳ ላይ ይሠራል፣ ግን አጭር መሆን አለበት። ኤፍ/5.6፣ በፍሬም 0.15 ሚ.ሜ እርምጃ፣ አሥር ፍሬም፤ 1.5 ሚ.ሜ ይሸፍናል። ካሜራው በሰከንድ አሥር ካነሳ በአንድ ትንፋሽ መያዝ ያልቃል። ፍላሽ በዚያ ፍጥነት አይሞላም፣ በብዙ ካሜራዎችም ከኤሌክትሮኒክ ሹተር ጋር አይሠራም፤ የማያቋርጥ ኤልኢዲ ያስፈልጋል፣ የቀለም ታማኝነቱ 95ና ከዚያ በላይ የሆነ። መብራቱ እንደማይርገበገብ መጀመሪያ በ1/500 ሞክሪው፤ አግድም ሰንበር ከወጣ አይሆንም። ለመደራረቢያ ዜሪን ስታከር ወይም ሄሊኮን ፎከስ የተባሉት ፕሮግራሞች ይሠራሉ። ደቃቅ ጸጉር በተላለፈበት ቦታ ጥላ መሰል ድርብ ጠርዝ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ከአንዱ ፍሬም ብቻ በእጅ መቀባት ነው።

#11 — አዲስ ተመዝጋቢ

በስልክስ? ማክሮ ሌንስ ለሌለን ሰዎች ተስፋ አለ?

#12 — የጥላ ልክ

አለ ወንድሜ። በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው አይፎን 13 ፕሮ ጀምሮ እጅግ ሰፊ በሆነው (አልትራ ዋይድ) ሌንስ እስከ 2 ሴ.ሜ የሚቀርቡ ስልኮች አሉ። ችግሩም ያው 2 ሴ.ሜ ነው፤ ስልኩ ራሱ ብርሃኑን ይጋርዳል። ከጎን በ10 ዲግሪ የሚገባ ትንሽ ኤልኢዲ ግን ከሥሩ ሾልኮ ይገባል፣ ለመስመር ደግሞ የሚፈለገው እሱ ነው። የስልኩን የራሱን ፍላሽ አጥፋ፣ የቆዳ ማስዋቢያውን አጥፋ፣ በሮው (ስልኩ ባላስተካከለው ጥሬ ፋይል) አንሳ፤ በተለመደው ጄፔግ ስልኩ ቆዳ መሆኑን ሲያውቅ ሊያለሰልሰው ይችላል።

ካሜራ ኖሮህ ማክሮ ሌንስ ከሌለህ 50 ሚ.ሜ ሌንስ ላይ 25 ሚ.ሜ ማራዘሚያ ቀለበት 1:2 ይሰጥሃል፣ 50 ሚ.ሜ ደግሞ 1:1። ብርጭቆ የለበትም፣ ርካሹ መንገድ ይህ ነው። ሌንሱ ግን ወደ ቆዳው በጣም ይቀርባል፤ ብርሃን ማስገቢያ የሚሰጥህ 100 ሚ.ሜ ማክሮ ነው፣ በ1:1 ከሌንሱ አፍ እስከ ቆዳው 13 ሴ.ሜ ገደማ ይተርፍሃል።

#13 — ግራጫ ካርድ

ሳይረሳ፦ የጣት ጫፍ በ1:1 ማለት የሚነበብ አሻራ ማለት ነው። ሰው «ፊቴ አይታይም» ብሎ ቢፈቅድ አሻራው እንደሚታወቅ ላያስብ ይችላል። ንገሪው፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዢ። ንቅሳት፣ ለየት ያለ ጠባሳና የማርያም ስምም ሰውን ያሳውቃሉ። ፎቶው ሲለጠፍ ውስጡ ያለውን የቦታና የሰዓት መረጃ አውጪ። የጣት ጫፉን ድረ ገጽ ላይ ማድረግ ካስፈለገ ወደ 1000 ፒክስል ማሳነስ አይበቃም፤ አሻራው በዚያም ይነበባል። ሌላ ቦታ አንሺ።

#14 — ሰላም ሌንስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሪንጉ ወልቋል፣ ኤፍ/8 ሆኗል፣ ብርሃኑ ከጎን ገብቷል። የአይበሉባው መስመር ያለ ምንም ማስተካከያ ወጥቷል። የቀረው ኮምፒውተር ላይ ያለው ነው፦ ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ክላሪቲ ሲጨመር ቆዳው ቆሻሻ ይመስላል።

#15 — ደብዛዛ

ክላሪቲን ዜሮ ላይ ተዪው። እሱ የሚያጎላው ሰፋፊውን የጥላ ልዩነት ነው፤ የደም ሥሩንና መቅላቱን ያጠቁራል፣ ቆሻሻ የሚያስመስለው ያ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተጨመረው ቴክስቸር ከዚያ ያነሰውን ዝርዝር ስለሚይዝ ከ10 እስከ 20 በቂ ነው። ሻርፕኒንግ ሬዲየሱ ከ0.5 እስከ 0.8፣ ማስኪንጉ ወደ 30፤ ያለዚያ በመስመሮቹ መካከል ያለው ለስላሳ ወለል ኖይዝ ያወጣል። በጎን ብርሃን የተነሳ ከሆነ ከዚህም በታች ይበቃል።

#16 — ወዝ አዳኝ

ትይዩውን ፖላራይዘር ስትሞክሪ አንድ ነገር፦ ፊልሙን ፍላሹ መስታወት ላይ አታጣብቂው። በተከታታይ ሲተኮስ ይሞቃል፣ ፊልሙ ይቃጠልና መሃሉ ቡናማ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ አይቆለፍም። 3 ሴ.ሜ ያህል ርቀት ያለው የካርቶን ክፈፍ ሥሪለት፣ ጎኑ ለአየር ክፍት ይሁን። ማለስለሻውም ከፊልሙ በስተጀርባ፣ ወደ ፍላሹ በኩል ይሁን፤ ከፊት ከሆነ ፖላራይዜሽኑን ያጠፋዋል።